ከመጨረሻው ብረት ሃያ እርምጃ

ምናለሽ ተራ መጥታችሁ ሱቄን ካጣችሁት ሆዴን ፈልጉ። መጀመሪያ ከበሩ የሚወጣው እሱ ነው፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። ሥራዬ አሮጌ ብረት መግዛት፣ ማቃናት፣ ቆርጦ በይዶ መሸጥ ነው። የጠመመ ፌሮ፣ የተጨማደደ ላሜራ፣ የተጣለ ቱቦላሬ፣ ምንም ይምጣ አቃናዋለሁ። ከጎኔ ቆርቆሮ የሚሸጥ የስልጤ ሰው አለ፤ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነው። «ሁሉን ነገር አቃንቶ ራሱን የረሳ» ይለኛል ለደንበኞቹ። ደንበኞቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ እውነቱን ነዋ።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ከወሎ አንድ ጭነት መኪና ብረት ይዞ መጣልኝ። ብረቱ እኛ ወንፊት የምንለው ነው። ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክብ ክብ ቀዳዳ ያለበት ሳንቃ። ጠርዙ ላይ መንጠቆ አለው፤ አንዱ ከሌላው ጋር እየተቆላለፈ መሬት ላይ ይነጠፋል። በጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚያነጥፉት እሱን ነበር። ጥሩ ብረት ነው፣ ዝገት እንኳ የሚፈራው። ሌላ ሰው ቢያየው አውሮፕላን ይታየው ይሆናል። ለእኔ የታየኝ የመስኮት መከለያ ነው።

ከጭነቱ ጋር አንድ ሽማግሌ አብረው መጥተዋል። ብረቱ የተነጠፈበትን የአውሮፕላን ሜዳ ሲጠብቁ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ብረቱን የሸጠው የአገሩ ሰው ነው፤ ተሰብስበው መከሩና ሸጡት፣ እሳቸውን ደግሞ ሸኝተው እንዲመለሱ ላኳቸው። አውራጆቹ ሳንቃውን ከመኪናው ላይ ሲወረውሩት ሽማግሌው ፊታቸው ተጨማደደ።

«ቀስ» አሉ።

«አባባ፣ ብረት እኮ ነው፣ እንቁላል አይደለም» አልኳቸው።

«ስንት አውሮፕላን ተሸክሟል፤ አንተ ስለጣልከው አይሰበርም። እኔ ጆሮዬን ነው ያመመኝ።»

ጎረቤቴ ከሱቁ ሆኖ «ዛሬስ አገኘህ» አለኝ።

ሻይና ሳምቡሳ አስመጣሁላቸውና አንዱ ሳንቃ ላይ ተቀመጥን። ስለ ሜዳው ጠየቅኳቸው። የምር ለማወቅ ብዬ አይደለም፤ የብረት ነጋዴ ሻጩን የሚያጫውተው ምዘናው እስኪያልቅ ነው። እሳቸው ግን የምር ነገሩኝ። መጀመሪያ የከብት ሜዳ ነበር። ጣልያን መጣና ሰውን አስገድዶ ድንጋዩን አስለቀመ፣ ጉብታውን አስደለደለ፤ ትንንሽ አውሮፕላን ጥቂት ጊዜ አረፈበትና ሄደ። ከብቱ ተመለሰ። አባታቸው ከብት ያገዱት እዚያ ላይ ነው፣ እሳቸውም እንደዚያው። በደርግ ጊዜ ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲጠጋ ደግሞ ወታደር መጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ይሄ ወንፊት በመኪና እየተጫነ መጥቶ ተነጠፈ። ሽማግሌው ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። ፊሽካ ተሰጣቸው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል እየነፉ ላምና አህያ ከሜዳው ያባርራሉ።

«ዱቄትና ጥይት ይዞ ይመጣል፤ ቁስለኛ ይዞ ይሄዳል» አሉ። «እኔ በመሃል አህያ አባርራለሁ።»

«ማዕረግዎ ምን ነበር?»

«የአህያ አዛዥ።»

ወደድኳቸው። ተራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አውሮፕላን አልመጣም። ድንኳኑን ሰው ተካፈለው፣ የነዳጅ በርሜሉ የውኃ መቅጃ ሆነ። ብረቱን ግን ማንም አልነካውም፤ የመንግሥት ነው እየተባለ ተፈራ። ልጆች ኳስ ተጫወቱበት፣ ሙሽራ አለፈበት፣ በክረምት ጭቃ የሸሸ ሁሉ ሄደበት። እሳቸው ማንም ሳይከፍላቸው ሲጠብቁት ኖሩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ሻያቸውን ጨረሱና ዙሪያውን አዩ።

«አዲስ ከተማ የሚባለው የቱ ጋ ነው?»

«ተቀምጠውበታል።»

«እኛ ጋ የዚህ ሠፈር ልጅ የሆነ ወታደር ነበር። ‹መርካቶ ስትመጣ ስሜን ጥራ፣ የማያውቀኝ የለም› ይለኝ ነበር። ጠዋት ከመኪና ከወረድኩ ጀምሮ እየጠራሁ ነው። የሚያውቀው አጣሁ።»

«የዚህ ሠፈር ልጅ ጉረኛ ነው፣ ይታገሱት» አልኳቸው። «ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

«ቀልደኛ። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር እጁን አፉ ላይ አድርጎ ‹መርካቶ፣ መርካቶ፣ አንድ ሰው የቀረው› እያለ እንደ ታክሲ ይጣራ ነበር። ቃሬዛ ላይ የተኛ ቁስለኛ ሳይቀር ይስቃል። አዛዡ ሁለቴ ቀጣው፤ ሦስተኛው ላይ እሱም ሳቀ። የፊት ጥርሱ ግማሽ ነበረች።»

ያቺን ጥርስ የሰበርኳት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ብይ ስንጫወት ተናድጄ በድንጋይ መታሁት። ለእናታችን ደረጃ ላይ ወደቅሁ አላት። ስሙን ጠየቅኳቸው፣ ነገሩኝ። የወንድሜ ስም ነው።

ብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንዲት ደብዳቤ ደርሳናለች፤ ወሎ ውስጥ አንድ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ የምትል። የትኛው ሜዳ እንደሆነ አልጻፈም። ከዚያ ወዲያ ምንም።

ሽማግሌውን «የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እንደ ልጅ።

«የት ይሄዳል። እዚያው ነው ያለው» አሉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከተራራው የተተኮሰ ከባድ መሣሪያ የነዳጅ በርሜሎቹ ላይ አረፈ። እሱና አራት ጓደኞቹ በርሜል እያወረዱ ነበር። የተረፈው ጦር በማግስቱ ለቆ ሄደ፤ የቀበሯቸው እሳቸውና ሁለት የአገሩ ሰዎች ናቸው። «ከእኔ ጋር ይሰግድ ስለነበር ሙስሊም መሆኑን አውቃለሁ። በቀኝ ጎኑ አስተኝቼ ወደ ቂብላ አዙሬዋለሁ። ከመጨረሻው ብረት ሃያ እርምጃ ወደ ቆላው።»

ጎረቤቴ መጥቶ ፊቴን አየና የሱቄን በር ዘጋልኝ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከዚህ በኋላ ብትጠሉኝ አልቀየምም።

ጦርነቱ አብቅቶ ወታደሩ በየመንገዱ እየተንጠባጠበ ሲመለስ እናቴ አውቶብስ ተራ እየሄደች ትቆም ነበር። ሁለት ዓመት ቆመች። ከዚያ መብላት ተወች። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እሷን ማሳቅ ነበር ሥራዬ፣ መሳቅም ተወች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ «እማ፣ ጎጃም በረንዳ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አገኘሁ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ አየሁት አለኝ። ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው።»

ተነሥታ ምሳ አቀረበች። በላች።

በሳምንቱ «ያ ሹፌር መጣ ወይ?» አለች። ምን ላድርግ፣ አስመጣሁት። ወንድሜ ጢም አወጣ። በዓመቱ አገባ፤ ሠርጉን የደገስኩት እኔ ነኝ፣ ሦስት በሬ ጥዬ። ሙሽራዋ ቆንጆ ናት፣ ትንሽ ኮራ ትላለች አልኳት። እናቴ ኩራቷን አልወደደችውም፤ በሚቀጥለው ወሬ ትሑት አደረግኳት። ሁለት ልጅ ወለዱ። ወረቀት ስለሌለው ድንበር መሻገር ይፈራል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ለራሴ ሚስት አላገኘሁም ነበር፤ ወንድሜን ግን በወጉ ዳርኩት። ሞባይል ስልክ ሲመጣ ጉድ ፈላ። «ቁጥሩን አምጣ» አለች። መውጫ አጣሁና ሹፌሩን ገደልኩት፤ ጎሐ ጽዮን ላይ መኪናው ተገለበጠ አልኳት። የሌለውን ሰውዬ እናቴ አለቀሰችለት። ዳቦ ገዝታ ለድሆች አድላ ለነፍሱ ሰደቃ አወጣች።

እንዲህ ነው የኖርነው። በየጁምዓው ዱዓዋ አንድ ነበር፤ ልጄን ከሄደበት በሰላም መልስልኝ።

እኛ ጋ መርዶ አንድ ሰው ብቻውን ይዞት አይገባም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት በጆሮው ይነገረዋል፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ገና ጎህ ሲቀድ አብረው ይገባሉ። ሽማግሌውን ጎረቤቴ ቤቱ አሳደራቸው። እኔ ወደ ሠፈራችን ሸህ ሄድኩ።

«ያየ ሰው አለ?» አሉኝ ሸሁ። «ያየ ሳይኖር እናት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አንጥልም።»

«የቀበሩት ሰው እዚህ ናቸው።»

«አልሐምዱሊላህ። ሌላ የምትነግረኝ አለ?»

የለም አልኩ። ስለ ገዳሪፉ አፈርኩ። መርዶው ሲገባ ያ ወሬ በራሱ ይጠፋል ብዬ አሰብኩ። የጠመመን ነገር አጠገቡ ያለውን በመምታት ማቃናት አይቻልም፤ ይሄን እኔ በሙያዬ አውቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስንገባ እናቴ ገና መስገጃዋ ላይ ነበረች። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሽማግሌ በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል።

«ማን ነው?» አለች።

ሸሁ ቀስ ብለው ነገሯት። ሽማግሌው ቀጠሉ፤ በርሜሉንና እሳቱን ዘለው ስለ አቀባበሩና ስለ ቂብላው ነገሯት። እናቴ እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳመጠች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ከሩቅ ደክመው መጥተዋል» አለቻቸው። «ግን የሌላ ሰው ልጅ ነው። አላህ ይማረው። የእኔ ልጅ ገዳሪፍ ነው፣ ዳቦ ቤት አለው፣ ሁለት ልጆች አሉት።»

«እናቴ፣ በእነዚህ እጆቼ ነው የቀበርኩት።»

«ከወንድሙ ይልቅ እርስዎን ልመን? ይኸው ቆሟል፣ ጠይቁት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሸሁ ያዩኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። አልተቆጡም። ቁልቁል ተመለከቱ፣ እኔን ወክለው ያፈሩ ይመስል።

«እማ» አልኩ፣ «ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ሰው ፊት ነው፣ ቀልዱን ተው።»

«አልቀለድኩም።»

«ሚስቱስ?»

«የለችም።»

«ልጆቹ?»

«የሉም፣ እማ።»

«ሹፌሩ ግን ነበር» አለች። «ለእሱ እኮ አልቅሻለሁ።»

«እሱም አልነበረም።»

እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መዳፎቿን ትመለከት ጀመር።

«ሠላሳ ዓመት ‹መልስልኝ› ስል ኖርኩ» አለች፣ ለማን እንደምትናገር እንጃ። «አንድ ቀን ‹ማረው› አላልኩለትም። ለሌለ ሹፌር ሰደቃ አውጥቻለሁ። ለልጄ አንዲት ዳቦ በስሙ ለደሃ አልሰጠሁም። ሰው ሁሉ ለሟቹ ዱዓ ሲያደርግ የእኔ ልጅ መሬት ውስጥ ሆኖ እናቴ የት ሄደች ሲል ኖረ።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። የጎረቤት ሴቶች ከጓሮ ገቡና እኛን አስወጡን።

ለቅሶ ሦስት ቀን ተቀመጥን። የተራው ሰው ሁሉ መጣ። ጎረቤቴ ሱቁን ዘግቶ ውኃ ሲያድል ዋለ። አንድ ሁለቴ ከልማዴ የተነሳ ቀልድ አምልጦኝ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሳቁ፤ ከቤት ውስጥ የእናቴን ሳል ሰማሁና አፌን ያዝኩ። እሷ አልረገመችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ደህና ዋልክ ትለኛለች። ስለ ገዳሪፍ ግን አንድም ጊዜ ደግማ አላነሳችም፤ ያ ሁሉ የሠርግ ወሬ፣ ያ ሁሉ የልጅ ልጅ፣ በአንድ ጠዋት ከአፏ ጠፋ። እሷም ሁለት የልጅ ልጆች የቀበረች ያህል ነው የከሳችው። ልጆቹን ፈጥሬ የሰጠኋት እኔ፣ ነጥቄ የወሰድኳቸውም እኔ።

ሽማግሌው ሊሄዱ ሲነሱ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ነው።

«መቃብሩን ያውቁታል?»

«ዓይኔን ጨፍኜ። ከመጨረሻው ብረት ሃያ እርምጃ። ስጠብቀው ነው የኖርኩት።»

«እመጣለሁ» አለች።

ወዲያው መሄድ አልቻልንም። ጉልበቷ አበጠ፣ ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ የዚያ አገር መንገድ ደግሞ በክረምት አይሞከርም ተባለ። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ወንፊቱ ሱቄ በር ላይ ተከምሮ ነበር። እያለቀስኩ ቆረጥኩት ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ ግን ውሸት በቃኝ። ሥራ ነው፣ ደንበኛ ይጠብቃል፣ ቆረጥኩት። ዱባይ ተራ ጀርባ ለተሠራ አንድ ሕንፃ የሦስት ፎቅ መስኮት አለበስኩበት። ጎረቤቴ ቆሞ አየና «ቆንጆ ሥራ ነው» አለኝ፤ እኔም ቆንጆ ነው ብያለሁ።

መስከረም ላይ ሄድን። ሽማግሌው መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁን አገኘናቸው፤ ከእናቴ ፊት ፊት እየቀደሙ ድንጋዩን በእግራቸው እየገፉላት ሄዱ። ጉብታውን ወጣን። ከዚያ ቆሙ።

ፊት ለፊታችን ማሽላ ነበር። ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እስከ ገደሉ ድረስ። ብረቱ ሲነሳ ሜዳው ለሠፈሩ ወጣቶች ተከፋፍሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ታርሷል። ሽማግሌው መታረሱን ያውቃሉ፤ የዘሩትም ዘመዶቻቸው ናቸው። ማሽላው እንዲህ ሳያድግ በፊት ግን ቦታውን ሊለኩት አላሰቡም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከብረቱ ጫፍ ነው የቆጠሩት፤ ብረቱ ከሌለ ጫፉ የት እንደሆነ እንደማያውቁ ያን ዕለት ገና ገባቸው። ማሽላው ውስጥ ገቡ። አገዳው ሲንኮሻኮሽ እንሰማለን። በአንድ በኩል ወጡ፣ በሌላ በኩል ገቡ። ሲመለሱ ፊታቸው በላብ ታጥቧል።

«ምልክቱ እኮ ብረቱ ነበር» አሉ። ዓይናቸውን ከእናቴ አሸሹ። «ሽጡት ሲሉ እኔም እጄን አውጥቻለሁ።»

«ብረቱን ማን ወሰደው?» አለች እናቴ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን አፈር ያራግፉ ጀመር። ለእኔ ብለው ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እናቴ ዞራ አየችኝ። ብትሰድበኝ እወድ ነበር። በእኛ ተራ ስድብ ዕዳ ያቀልላል።

«አንተ ደግሞ የማትገባበት የለም» አለች ቀስ ብላ፤ እንደ ድሮው እየሳቀች ግን አልነበረም።

ከዚያ በማሽላው ጠርዝ ላይ ነጠላዋን አነጠፈች። የት ጋ እንደምትቀመጥ ማንንም አልጠየቀችም። ወደ ቂብላ ዞራ እጆቿን ዘረጋች። ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሽማግሌውና እኔ ፈንጠር ብለን ቆምን። ማሳው ላይ ሥራ የነበራቸው ሁለት ልጃገረዶች ነገሩን አይተው ወፍ ማባረሩን ትተው ተቀመጡ።

ፀሐዩ ወደ ተራራው አዘነበለ። ከቆላው በኩል ጥቁር ደመና ተነሳ፣ ንፋሱ ማሽላውን አንድ ላይ ማጎንበስ ጀመረ። ሽማግሌው ክንዴን ነካ አደረጉኝ። ጠጋ አልኩ።

«እማ፣ ዝናብ መጣ። ጉልበትሽን ያምሻል። ነገም እንመለሳለን።»

ዓይኗን ሳትገልጥ «ያመለጠ ጾም ቀዳው በስንት ቀን ነው የሚከፈለው?» አለችኝ።

«በጎደለው ቀን ልክ።»

«እንግዲያው ተወኝ። ከሠላሳው ገና የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነኝ።»

ጠብታው ወረደ። ጃኬቴን አውልቄ ከኋላዋ ቆምኩ፤ ላለብሳት ፈርቼ እጄ ላይ ያዝኩት።